እሺ ያለን ሰፈር

ልጄ ሥራ አገኘሁ ብላ የነገረችን ዕለት ሥራው ምን እንደሆነ ደጋግሜ አስደገምኳት። ሰው ቤት ስልክ እየደወለች «በዚህ ምርጫ ማንን ይመርጣሉ?» ብላ ትጠይቃለች፤ መልሱን ኮምፒውተር ላይ ትሞላለች፤ ለዚህ ደሞዝ ይከፈላታል።

«ታዲያ ይነግሩሻል?» አልኳት።

«አንዳንዶቹ ይነግሩኛል፣ ዳዲ። አንዳንዶቹ ሀንግ አፕ ያደርጋሉ፣ ይዘጉብኛል።»

እኔ ባደግኩበት ጊዜና ቦታ ማንን ትመርጣለህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ወይ ካድሬ ነው ወይ ነገር ፈላጊ። መልሱም አንድ ነበር፤ የጠያቂውን ፊት አይቶ እሱ የሚወደውን መናገር። እዚህ አገር ግን የገዛ ልጄ ይህንኑ ጥያቄ ይዛ በጠራራ ፀሐይ ሰው ቤት ትደውላለች። ነገሩ አልዋጥ አለኝ። ትምህርት ቤት ብዙ አልተቀመጥኩም። የማውቀውን ያወቅኩት ከሥራ በኋላ እያነበብኩ ነው፤ ስለዚህ የማላውቀውን ነገር ከመንቀፌ በፊት ላጥናው አልኩና ስለ ምርጫው የሚጻፈውን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ።

ነገሩ ይህ ነው። የምንኖርባትን የኦክላንድ ከተማ ምሥራቅ ክፍል ወክሎ በክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት የሚቀመጠው ሰው ቦታውን ሊለቅ ነው። ለቦታው ብዙ ሰዎች ተወዳደሩ። በመጀመሪያው ዙር ሁሉም አንድ ወረቀት ላይ ይቀርባሉ፣ ፓርቲያቸው ምንም ይሁን ምን፤ ከሁሉም የበለጠ ድምፅ ያገኙት ሁለቱ ወደ ኅዳሩ ምርጫ ያልፋሉ። የምርጫ ወረቀቱም በፖስታ እስከ ቤታችን ድረስ ይመጣል። ልጄ የተቀጠረችው ከተወዳዳሪዎቹ አንዷ ዘንድ ነው። ሴትየዋ አስተማሪ የነበረች፣ ንግግሯ ፈጣን፣ የኛ አገር ሰው ያልሆነች ናት። ቢሮዋ ውስጥ አማርኛ የሚችል ሰው አልነበረም፤ ሰፈራችን ፍሩትቬልና ዙሪያው ያለው ያገሬ ሰው ደግሞ ቀላል አይደለም፤ ልጄን የቀጠሯት ለዚያ ነው።

የልጄ አማርኛ የሚሰማ እንጂ እንደልብ የሚናገር አይደለም። እኔ በአማርኛ እቆጣታለሁ፣ እሷ እንግሊዝኛ እየቀላቀለች ትመልሳለች፤ ቤታችን የኖረው እንዲህ ነው። የነርስነት ትምህርቷን ከመሃል አቋርጣ ስትወጣ ከኔ ጋር ረዥም ጊዜ አልተነጋገርንም። ለዚህ ነው ይህ የስልክ ሥራ ለሷ ትልቅ የሆነው። የቢሮው ኃላፊ የሆነችው ሴት «ያንቺ ክፍል፣ የአማርኛው ጥናት፣ በደንብ ከሠራልን እስከ ኅዳር በቋሚነት እንይዝሻለን፤ ካሸነፍንም እዚሁ ኦክላንድ ባለው የምክር ቤት አባሏ ቢሮ ውስጥ ቦታ ይኖርሻል» ብላታለች። ልጄ ይህን ስትነግረኝ ዓይኖቿ እኔ ላይ ነበሩ። ያቋረጥኩት ስለሰነፍኩ አይደለም፣ የምፈልገው ሌላ ነገር ስለነበረ ነው ማለቷ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ውርደት ነበሩ። ምግብ ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተሯን ከፍታ፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ቢሮው አስተርጉሞ የሰጣትን ጽሑፍ ቃል በቃል ታነባለች። «ጤና ይስጥልኝ። ስለ መጪው ምርጫ አጭር ጥያቄ ልጠይቅዎት ነው የደወልኩት።» አንዷ ሴት «ቁጥሬን ማን ሰጠሽ?» ብላ ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት። አንድ ሰውዬ ደግሞ በቁጣ ብዙ ተናገራት፤ ሲጨርስ ማዳመጫውን አውልቃ ወደኔ ዞረች።

«ዳዲ፣ ‹ለማን ነው የምትሰልይው› ምን ማለት ነው?»

«ለማን ነው ስፓይ የምታደርጊው ማለት ነው።»

«ስፓይ? ሚ?»

እናቷ ከወጥ ቤት ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። «ጥፋቱ ያንቺ ነው» አልኳት። «ሰው ቤት ተደውሎ ዘው ተብሎ ይገባል እንዴ? ሰላምታ የት አለ? የማን ልጅ ነሽ? ከየት መጣሽ? ማንነቱን ሳይናገር የሰው ሆድ የሚመረምር ሌባ ብቻ ነው።»

«ስክሪፕቱ ላይ የለም። የራሳችንን ነገር መናገር አይፈቀድም።»

«ስክሪፕቱን የጻፈው ሰው አበሻ ቤት ደውሎ ያውቃል?»

አላውቅም አለች። እኔም እንዴት እንደሚደወል አስተማርኳት። መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል፣ ከዚያ የልጆች ደኅንነት፣ ከዚያ «እኔ የእገሌ ልጅ ነኝ» ይባላል፣ ጥያቄው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በኦክላንድ አበሻ ዘንድ ስሜ አዲስ አይደለም። ሳን ሆዜ ባለ ሆስፒታል ውስጥ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ የምጠግን ሠራተኛ ነኝ፤ በእረፍቴ ደግሞ ማሞቂያ የተበላሸበት የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ይጠራኛል፣ እሄዳለሁ።

በማግስቱ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። አንዲት ትልቅ ሴት ጋ ስትደውል ድምፁን ከፍ አድርጋ አሰማችኝ።

«እንዴት ነዎት እማማ? ልጆች ደኅና ናቸው? እኔ የእገሌ ልጅ ነኝ።»

«የማን? የማሞቂያው? ውይ የኔ እናት! አገባሽ?»

«ኖ፣ አላገባሁም።»

«ታገቢያለሽ። ምን ላድርግልሽ?»

«በዚህ ምርጫ ማንን ሊመርጡ አስበዋል?» ብላ የተወዳዳሪዎቹን ስም አነበበችላቸው።

«አንቺ የምትሠሪው ከማንኛቸው ጋር ነው?»

ልጄ አየችኝ። ራሴን ነቅንቄ ንገሪያቸው አልኳት። ነገረቻቸው።

«እሷን ጻፊልኝ። ባሌንም ጻፊልኝ፣ ባሌ ከኔ ቃል አይወጣም። እግዚአብሔር ያሳድግሽ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ።»

ልጄ ኮምፒውተሩ ላይ «በእርግጠኝነት የሚመርጥ» የሚለውን ነካች። ለእማማ አንድ፣ ለባላቸው አንድ።

ከዚያ ወዲያ ስልክ የሚዘጋባት ጠፋ። ይመርቋታል፣ እሺ ይሏታል፣ ለአባትሽ ሰላም በይልን ይሏታል። ኃላፊዋ ቢሮው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ካርታ እያሳየች የኛን ሰፈር «ከሁሉም የጠነከረው» አለችው። ይህን ሰፈር ይዘነዋል ብለውም ቤት ለቤት የሚያንኳኩትን ሰዎቻቸውን ከዚያ አንሥተው ወደ ሌላ አካባቢ ላኳቸው። ለልጄም «የቋሚውን ነገር ዓርብ እንነጋገራለን» ተባለ። እኔ በኩራት ተነፋሁ። ለሚሰማኝ ሁሉ ሥነ ሥርዓት ያለው ሰው የትም አገር ይከበራል እያልኩ ሰበክሁ።

ወደ ሥራ ስሄድ አበልጄን ይዤው ነው የምሄደው። የልጁ የክርስትና አባት እኔ ነኝ፤ ከመጣን ጀምሮ አልተለያየንም። እሱ መንገዴ ላይ ኒውአርክ የምትባል ከተማ፣ ዕቃ ማከማቻ ውስጥ ይሠራል፤ እሱን አውርጄ ወደ ሳን ሆዜ እቀጥላለሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተጣላ ሰው ሲኖር ለምስክርነት የሚጠራው እሱ ነው፣ ሐሰት አይወጣውም ተብሎ። በዚያ ሳምንት አንድ ጠዋት አውራ ጎዳናው ተዘጋግቶ ስንንቀረፈፍ፣

«ልጅህ ትናንት ደውላልኝ፣ አማርኛዋ ገረመኝ» አለኝ።

«ላንተም ደወለችልህ?»

«ለልጄ ነው የደወለችው። ሳን ሆዜ ኮሌጅ ከገባ ወዲህ የድሮ ስልኩን የምይዘው እኔ ነኝ። ‹እሱ የለም፣ እኔ አለሁ› አልኳት። እሷም ጨዋ ናት፣ አንተን አልፈልግም አላለችኝም፤ ጠየቀችኝ።»

«ምን አልካት?»

«እሺ አልኳት።»

«ምኑን እሺ?»

«እመርጣታለሁ ነዋ።»

አበልጄ የዚህ አገር ዜግነት የለውም። ለዜግነት ፈተናው ጥያቄዎቹን የማስጠናው እኔ ነኝ፤ ገና አልተፈተነም።

«አንተ እኮ መምረጥ አትችልም!»

«እኔ መቼ እችላለሁ አልኩ? እመርጣታለሁ ነው ያልኳት።»

«ዋሸሃታ!»

«ምን ልበላት ታዲያ? የአበልጄን ልጅ፣ ያውም በስልክ፣ ‹ሂጂ ወዲያ› ልበላት? ውሸት አይደለም፣ ምኞት ነው። ብችል እመርጣታለሁ።» ቀጠለና፣ «ያኛውም ልጅ ደውሎልኝ ነበር» አለ።

«የቱ ልጅ?»

«የሌላኛው ተወዳዳሪ። ትሑት ልጅ ነው። እሱንም እሺ አልኩት።»

«ለሱም?!»

«እሱስ የሰው ልጅ አይደለም?»

እየቀለደ መስሎኝ ዘወር ብዬ አየሁት። አልቀለደም። እንደውም የኔ መደንገጥ እሱን አስደነገጠው። «አንተ ሰው፣ ከየት ነው የመጣኸው?» አለኝ። «ሁሉም እኮ እንደዚያ ነው ያላት። ባሌን ጻፊልኝ ያለቻት ሴትዮ ባሏ የት እንዳለ ታውቃለህ? አዲስ አበባ ገብቶ ቤት እየሠራ ነው። ቤተ ክርስቲያን ቆመው ሲሳሳቁ አልሰማህም? ‹ልጅቱን ደስ አሰኘናት› እያሉ።»

«እና ማናቸውም እውነቱን አልነገሯት?»

«በምን አፋቸው? ጥፋቱ ያንተ ነው። ስምህን ይዛ መጣች። ስምህን ይዞ ለመጣ ሰው እምቢ ይባላል? አንተ እምቢ ብለህ ታውቃለህ?»

የኒውአርክን መውጫ አልፌው ሄድኩ። አበልጄ «ኧረ ሥራዬ!» እያለ ሲጮህ ነው የነቃሁት።

ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ እጄ ተሳሰረ። ስለ ሐቀኛነታችን ስንት ዓመት ተናግሬያለሁ። ልጆቻችን እዚህ ተወልደው እንዳይበላሹ፣ እንዳይዋሹ፣ ፊት ለፊት የሚናገሩትን ከኋላ እንዳይክዱ ስንት ጊዜ ሰብስቤ መክሬያቸዋለሁ። አሁን ደግሞ የማከብራቸው ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ልጄን እሺ ብለው ሸኟት፤ ማናቸውም እንደዋሸ አይሰማውም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ መንገዱን የከፈትኩላቸው እኔ መሆኔ ነው።

ማታ እራት ላይ ነገርኳት። መጀመሪያ አላመነችኝም።

«ኤቭሪባዲ? ዳዲ፣ ሁሉም ሰው አይዋሽም።»

«ሁሉም ባይሆን ብዙዎቹ።»

«ሪፖርቱን እኮ ሰብሚት አድርጌዋለሁ፣ ቢሮው ገብቷል! ሰዎቹን ከሰፈራችን አንሥተዋቸዋል! ‹የእገሌ ልጅ ነኝ› በይ ያልከኝ አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

እናቷ ሳህን እየሰበሰበች፣ «ዝም በሉ እናንተ» አለች። «ምርጫ እንደሆነ ያልፋል። ዓርብ ስለ ሥራዋ ሊነግሯት ነው፤ ልጅቷ ሥራዋን ትያዝ።»

እውነቱን ለመጻፍ፣ ይህ ሐሳብ ለእኔም መጥቶልኝ ነበር። ጥቂት ቀን ብቻ ዝም ማለት ነው። ዝም እንበል የሚለው ሐሳብ ከራሴ ውስጥ ሲወጣ ስሰማው ከአበልጄ የባሰ አስደነገጠኝ።

ልጄ ግን እኔንም እናቷንም አልጠበቀችም። «መጀመሪያ ቼክ ላድርግ» አለችና በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ጠረጴዛው ላይ አገኘኋት። በፊት ከደወለችላቸው ሰዎች ለጥቂቶቹ እንደገና ትደውላለች፤ አሁን ግን ስሜን አታነሣም። የቢሮውን ጽሑፍ እንዳለ፣ ደረቅ አድርጋ ነው የምታነበው። አንዱ ዘጋባት። አንዷ «አልወሰንኩም» አለቻት። ሌላው «ወረቀቱን ገና አልከፈትኩትም፣ የት እንዳስቀመጥኩትም እንጃ» አለ። ከዚያ አንድ ድምፅ መጣ፤ ማን እንደሆነ ወዲያው አወቅኩት። ቤተ ክርስቲያን ከፊቴ የሚቆሙ፣ ባለፈው ክረምት ማሞቂያቸውን የጠገንኩላቸው አዛውንት ናቸው።

«ማንን ይመርጣሉ?» አለቻቸው።

«እኔ ጨርሻለሁ ልጄ። ወረቀቱን ልኬዋለሁ። የመረጥኩት ያንን ነጋዴውን ተወዳዳሪ ነው።»

ልጄ ስክሪኑን አየች። ከስማቸው ጎን «በእርግጠኝነት የሚመርጥ» ይላል። እሳቸው ግን ቀጠሉ።

«አንቺ ከዚያው ቢሮ ነሽ? ባለፈው አንዲት ልጅ ደውላልኝ ለሴትየዋ እሺ ብያት ነበር። የአንድ ውለታ የዋለልኝ ሰው ልጅ ናት፣ አላስችል ብሎኝ ነው። ለሷ እንዳትነግሪብኝ፤ ይከፋታል።»

ልጄ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ቀስ ብላ «አልነግራትም» አለቻቸው።

እሳቸው መርቀዋት ዘጉ። በብርድ ቤታቸው ሄጄ ማሞቂያ መጠገኔ እኚህን ሰው አስዋሽቷቸዋል። ደግ ሥራ ሠርቼ አፋቸውን ዘጋሁባቸው፤ እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ጊዜ መከበር ይመስለኝ ነበር።

«ዓርብን አልጠብቅም» አለች ልጄ። «ነገ ለኃላፊዬ እነግራታለሁ።»

«እኔም አብሬሽ እገባለሁ።»

«ኖ፣ ዳዲ። መኪና ውስጥ ትጠብቀኛለህ።»

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ ወሰድኳት። ቢሮው መሃል ኦክላንድ፣ የቀድሞ ጫማ ቤት ውስጥ ነው፤ መስኮቱ በተወዳዳሪዋ ፎቶግራፍ ተሸፍኗል። ከመኪናው ሆኜ የገባችበትን በር እያየሁ ልናገር የሚገባኝን ነገር በእንግሊዝኛ አዘጋጀሁ፣ ብጠራ ብዬ። አልተጠራሁም። ስትወጣ አላለቀሰችም፣ አልሳቀችም። ገብታ ቀበቶዋን አሠረች።

«ምን አሉሽ?»

«ቴንኪው አለችኝ። የአማርኛውን ክፍል በሙሉ አውጥታ ጣለችው። ሰዎቹን ዛሬውኑ ወደ ሰፈራችን ትመልሳቸዋለች። አሁን ባንነግራት ኖሮ በጣም ይጎዳን ነበር አለች።»

«እሰይ! ቋሚውስ?»

«ለሌላ ሰው ሰጥታዋለች።»

«መቼ?»

«አሁን። እኔ ፊት። እኔ እስከ ምርጫው ቀን በር አንኳኳለሁ፣ ከዚያ በቃ።»

ጆሮዬን አላመንኩም። «እውነቱን ስለተናገርሽ?»

«ኖ። ስክሪፕቱን ስለጣስኩ። ዳዲ፣ ሺ ኢዝ ራይት፤ ልክ ናት። ሰው የማን እንደሆንኩ ካወቀ የሚነግረኝ ስለኔ ነው፤ ስለ ምርጫው አይደለም። ይህን ማወቅ ሥራዬ ነበር።»

እኔ ግን ደሜ ፈላ። ስልኬን አወጣሁ። «ቁጥሯን ስጪኝ። እነግራታለሁ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ የኔ ነው።»

«ምን ብለህ ነው የምትደውለው?»

«አባቷ ነኝ ብዬ።»

ልጄ ዞር ብላ አየችኝ። ቁጣ አልነበረባትም፤ ያስደነገጠኝም እሱ ነው። «እሺ እንድትልህ?» አለችኝ።

አዘጋጅቼው የነበረው እንግሊዝኛ ሁሉ ጠፋብኝ። በዚህ ዕድሜዬ የማውቀው መንገድ ይኸው አንዱ ብቻ ኖሯል፤ ስሜን ይዞ መሄድና ሰው አፍሮ እሺ እስኪለኝ መጠበቅ። እንዲህ ያለውን ነገር ለልጄ ሥነ ሥርዓት ብዬ አስተምሬያታለሁ። ስልኩን መልሼ ከተትኩት፤ መኪናውን አስነሥቼ ወደ ፍሩትቬል አቅጣጫ ነዳሁ፣ ከሰዓት በኋላ በር የምታንኳኳው እዚያ ነበርና።

ጥቂት እንደሄድን፣ «ዳዲ፣ አንተን ማንም አልጠየቀህም» አለች። «የራሳችንን ቤተሰብ መጠየቅ አይፈቀድልንም ነበር። አሁን የኛ ክፍል ስለተጣለ መጠየቅ እችላለሁ። ማንን መረጥክ?»

ወረቀቴን ሞልቼ ከላክሁ ሳምንት አልፎታል። ልጄ በር እያንኳኳችላት ያለችውን ሴት አልመረጥኩም። ወረቀቱ እንደመጣ የሁሉንም ታሪክ አንብቤ፣ ንግግራቸውንም አዳምጬ፣ ሌላ ሰው መርጬ ነበር፤ እናቷም አታውቅም። ቤት ውስጥ ስለ ሴትየዋ ሲወራ ዝም እል ነበር፤ ልጄ ዝምታዬን እንደ እሺታ ቆጥራው እንደኖረች አሁን ገባኝ።

«አዎ፣ እሷን» የሚለው መልስ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ያን ጠዋት ቋሚውን ሥራ አጥታለች፤ በኔ ምክንያት ነው ያጣችው፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ደግሞ የገዛ ልጄ ናት። አዛውንቱ ለምን አላስችል እንዳላቸው፣ አበልጄም ምኞት ነው ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እንደዚያ ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

«ሌላ ሰው ነው የመረጥኩት» አልኳት።

ፊቷ ላይ አንድ ነገር ሲያልፍ አየሁ። «ኦኬ» አለች። ከዚያ እንደ ሥራዋ፣ ረጋ ብላ፣ በአማርኛ፣ «ምክንያትዎን ሊነግሩኝ ይችላሉ?» አለችኝ።

ፍሩትቬል ባቡር ጣቢያ አጠገብ መኪናውን አቁሜ አንድ በአንድ ነገርኳት። በሁለቱ ምክንያቶቼ አልተስማማችም፤ ተከራከረችኝ፤ በአንዱ ላይ አሸነፈችኝ። ከዚያ ወርዳ በር ልታንኳኳ ሄደች።